ከከሰል ማዕድን በላይ ያለ መሬት ሲሰጥም፦ ክትትሉና ጥገናው

በምዕራብ ጀርመን የሚገኘው የሩር አካባቢ ከአንድ ክፍለ ዘመን ተኩል በላይ የድንጋይ ከሰል ከጥልቅ ጉድጓድ ሲወጣበት ኖሯል። የመጨረሻው ማዕድን፣ በቦትሮፕ ከተማ የሚገኘው ፕሮስፐር ሃኒኤል፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 21 ቀን 2018 ሥራውን አቁሟል። ሠራተኞቹ ከጉድጓዱ ወጥተዋል፤ የሰጠመው መሬት ግን ወደ ቀድሞ ከፍታው አልተመለሰም። በኤሰን ከተማና በዙሪያዋ ከ20 ሜትር በላይ ዝቅ ያሉ ሥፍራዎች አሉ። ቤቶች፣ የባቡር ሐዲዶችና ማሳዎች ከነነዋሪዎቻቸው በዝግታ ወርደው ዛሬ ከአጠገባቸው ከሚፈስሱት ወንዞች በታች ይገኛሉ። ያለማቋረጥ የሚሠሩ የውኃ ፓምፖች ባይኖሩ ኖሮ ከሩር አካባቢ አንድ አምስተኛ የሚሆነው መሬት በውኃ በተዋጠ ነበር።

ከመሬት በታች ከሰል በሚወጣበት ሀገር ሁሉ ይህ ችግር በአንድ ወይም በሌላ መልክ ይከሰታል። መሬቱ እንዴት እንደሚሰጥም፣ እንዴት እንደሚለካና እንዴት እንደሚጠገን ማወቅ ለማዕድን መሐንዲስ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ጉዳቱ የሚታየው በገበሬው ማሳ፣ በከተማው ነዋሪ ግድግዳና በመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ላይ ነውና።

መሬቱ ለምን ይሰጥማል?

በዘመናዊ ጥልቅ ማዕድን በብዛት የሚሠራበት ስልት የረጅም ግድግዳ ስልት ይባላል። አንድ ማሽን በመቶዎች ሜትር በሚረዝም የከሰል ግድግዳ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ከሰሉን ይልጣል። ሠራተኞቹን ከላይ ከሚወድቅ ድንጋይ የሚጠብቋቸው በሃይድሮሊክ ግፊት የቆሙ የብረት ድጋፎች ናቸው። ማሽኑ ወደፊት በተራመደ ቁጥር ድጋፎቹም አብረው ይራመዳሉ፤ ከኋላ የቀረው ባዶ ቦታ ሆን ተብሎ እንዲደረመስ ይተዋል። ከበላዩ ያለው ዐለት ይሰበራል፣ ከዚያም በላይ ያለው ይጎብጣል፣ በመጨረሻም ላይኛው መሬት እንደ ሰፊ ሳህን ዝቅ ይላል።

ዝቅታው ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። በብሪታንያ የከሰል ማዕድናት ለአሥርተ ዓመታት የተሰበሰበው ልኬት እንደሚያሳየው፣ ባዶው ቦታ ሳይሞላ ከተደረመሰና የተቆፈረው ስፋት በቂ ከሆነ፣ ላይኛው መሬት ከወጣው ከሰል ውፍረት እስከ 90 በመቶ የሚደርስ ዝቅታ ሊያሳይ ይችላል። ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው ከሰል ከወጣ መሬቱ እስከ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። በቂ የሚባለው ስፋት ደግሞ ከጥልቀቱ አንድ ነጥብ አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ጉዳቱ ከቁፋሮው ወሰን ውጭም የሚደርስ መሆኑን ነው። በዚያው በብሪታንያ ልምድ የሚሰጥመው መሬት ዳር ከቁፋሮው ጠርዝ በ35 ዲግሪ ገደማ ወደ ውጭ ይሰፋል። ጥልቀቱ 400 ሜትር ከሆነ ከማዕድኑ ጠርዝ እስከ 280 ሜትር ርቆ የሚገኝ ቤት ሊነካ ይችላል። ማዕዘኑ እንደ ዐለቱ ዓይነት ይለያያል፤ ጠንካራ ዐለት ባለባቸው አካባቢዎች ያንሳል። ስለዚህ ‹‹ቁፋሮው ከእኔ ይዞታ ሥር አይደለም›› የሚለው ማጽናኛ የሚታመነው ርቀቱና ጥልቀቱ ከተሰላ በኋላ ብቻ ነው።

ቤትን የሚሰብረው ዝቅ ማለቱ ራሱ አይደለም። ሁሉም ነገር እኩል ቢወርድ ግድግዳ አይሰነጠቅም ነበር። የሚጎዳው የእኩልነቱ መጓደል ነው። በሳህኑ ዳር ያለው መሬት ይለጠጣል፤ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ የውኃ ቧንቧ ከመጋጠሚያው ይላቀቃል። በሳህኑ መካከል ያለው ደግሞ ይጨመቃል፤ የድንጋይ ንጣፍ ይነሣል፣ በርና መስኮት አልዘጋ ይላል፣ ሐዲድ ይጣመማል። በሁለቱ መካከል ያለው ያዘነብላል። ማሽኑ ወደፊት ሲራመድ ይህ ሁሉ እንደ ማዕበል አብሮ ስለሚጓዝ አንድ ቤት መጀመሪያ ተለጥጦ ኋላ ሊጨመቅ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት የተከፈተው ስንጥቅ ከወራት በኋላ ራሱ የሚጠብበት ምክንያት ይህ ነው። ስንጥቁ ጠበበ ማለት ግን ቤቱ ዳነ ማለት አይደለም።

ቀስ ብሎ የማይመጣው አደጋ

ከላይ የተገለጸው መስጠም የሚገመትና አብዛኛው ከቁፋሮው በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የሚያበቃ ነው። የባሰው ዐይነት ጥልቀት በሌላቸው አሮጌ ማዕድናት ላይ የሚታየው ድንገተኛ መደርመስ ነው። በቀድሞው ዘመን ከሰል የሚወጣው ጣሪያውን የሚሸከሙ የከሰል ምሰሶዎችን በመተው ነበር። ምሰሶዎቹ በውኃና በጊዜ ብዛት ይሸረሸራሉ፤ ጣሪያው ቁራጭ በቁራጭ እየወደቀ ክፍተቱ ወደ ላይ ይጓዛል። የወደቀው ድንጋይ ሲሰባበር ከቀድሞው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ክፍተቱ ጥልቅ ከሆነ መንገድ ላይ ራሱን ሞልቶ ይቆማል። ለላይኛው መሬት ቅርብ ከሆነ ግን አንድ ቀን ጉድጓድ ሆኖ ይከፈታል።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2 ቀን 2000 በቦኹም ከተማ ቫተንሻይድ ክፍል የሆነው ይኸው ነው። ከአሮጌ የማዕድን ጉድጓድ በላይ ያለው መሬት በመኖሪያ ሰፈር መካከል ተከፍቶ የመኪና ማቆሚያ ቤቶችን ዋጠ። በኔዘርላንድስ ደግሞ የመጨረሻው የከሰል ማዕድን የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ በሄርለን ከተማ የሚገኘው የሎን የገበያ ማዕከል ምሰሶ ከሥሩ የተናጋው በ2011 ነው። መንስኤው ከሥሩ ያለው አሮጌ ቁፋሮ መሆኑ ስለታመነበት የሕንፃው አንድ ክፍል መፍረስ ነበረበት። ማዕድኑ ከተዘጋ ከሠላሳ ዓመታት በላይ አልፎት ነበር።

ክትትሉ የሚጀመረው ከቁፋሮው በፊት ነው

ከክትትል ሥራ ሁሉ ችላ የሚባለውና ኋላ ጸጸት የሚያመጣው የመነሻ መረጃ ነው። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የቤቱ ግድግዳ፣ የጉድጓዱ የውኃ ከፍታ፣ የማሳው ተዳፋትና የቦዩ አቅጣጫ ካልተመዘገበ፣ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ‹‹ይህ ስንጥቅ ድሮም ነበረ›› ለሚል ተከራካሪ መልስ አይገኝም። በሥርዐት የሚሠሩ ድርጅቶች ከቁፋሮ በፊት ቤት ለቤት እየዞሩ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፣ ያሉትን ስንጥቆች ይመዘግባሉ፤ ባለቤቱም ቅጂ ይይዛል። ድርጅቱ ካላደረገው ባለቤቱ ራሱ ቀን በተጻፈበት ፎቶግራፍ ሊያደርገው ይገባል።

የመሬቱን መውረድ ለመለካት ጥንታዊውና ዛሬም የሚታመነው ዘዴ የከፍታ ቅየሳ ነው። ቀያሾች ከሚሰጥመው አካባቢ ርቆ በማይንቀሳቀስ ዐለት ላይ መነሻ ምልክት ይተክላሉ። ከዚያም ከማዕድኑ በላይ በመስመር በተተከሉ ችካሎች ላይ በየጊዜው ከፍታ ይለካሉ፤ የልኬቱ ጥራት እስከ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። በችካሎቹ መካከል ያለው ርቀትም ይለካል፤ መሬቱ የት እንደተለጠጠና የት እንደተጨመቀ የሚታወቀው ከዚህ ነው። መነሻው ምልክት ራሱ የሚሰጥም መሬት ላይ ከተተከለ ግን ልኬቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በቋሚነት የሚተከሉ የጂፒኤስ መቀበያዎችም በተመረጡ ቦታዎች ቀን ከሌት እንቅስቃሴን ይመዘግባሉ።

ባለፉት አሥርተ ዓመታት የመጣው ትልቅ ለውጥ የሳተላይት ራዳር ነው። ሳተላይቱ በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ እያለፈ የራዳር ሞገድ ወደ መሬት ይልካል፤ የሁለት ጊዜ ምልከታ ሲነጻጸር መሬቱ በመካከሉ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የአውሮፓ ሴንቲኔል 1 ሳተላይት አንዱን ሥፍራ በየ12 ቀኑ ይጎበኛል። መረጃውም በነጻ የሚገኝ ነው። በከተማ ውስጥ ሕንፃዎች ሞገዱን አጥርተው ስለሚመልሱ በዓመት የጥቂት ሚሊ ሜትር እንቅስቃሴ እንኳ ይለያል። በእርሻ ማሳ ላይ ግን ሰብሉ ሲያድግና ሲታጨድ ምስሉ ይደበዝዛል፤ መሬቱ በፍጥነት በሚወርድበት ጊዜም ስሌቱ ይሳሳታል። ስለዚህ ሳተላይቱ የቀያሹን ችካል አልተካውም፤ የት መተከል እንዳለበት ግን ያመለክታል።

ይህ ቴክኖሎጂ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርዝመት መሬት ሲሰነጠቅና እስከ 8 ሜትር ሲከፈት ተመራማሪዎች መጠኑን የለኩት በዚሁ የሳተላይት ራዳር ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የታየውን የመሬት መሰንጠቅም ያው ዘዴ ተከታትሎታል። የእነዚህ ስንጥቆች መንስኤ ከስምጥ ሸለቆው በታች የሚንቀሳቀሰው ቅልጥ ዐለት ነው እንጂ ማዕድን አይደለም። በሀገሪቱ እንደ ጭልጋ፣ ውጫሌ፣ ያዩ እና ደልቢ ሞዬ ባሉ ሥፍራዎች የድንጋይ ከሰል ክምችት አለ። ከሰሉ በክፍት ጉድጓድ ከላይ ሲወጣ የሚቀረው ችግር የሚታይ ገደልና የአፈር ክምር ነው። ከላይ እርሻው እንዳለ ሆኖ ከሥር መቦርቦር ሲጀመር ግን ከዚህ የሚነገረው ሁሉ ይመለከታል።

የቤት ባለቤትም በቀላሉ የሚያደርገው ክትትል አለ። በጀርመን የማዕድን ከተሞች የተለመደው ዘዴ በስንጥቁ ላይ አግድም ስስ የጀሶ ልጥፍ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ነው። ጀሶ ስለማይለጠጥ ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ልጥፉ ይሰነጠቃል፤ ካልተሰነጠቀ ስንጥቁ አሮጌ ነው። የግድግዳን ማዘንበል በግንበኛ ቱንቢ፣ የወለልን መዛነፍ በውኃ ልክ መከታተል ይቻላል። ገበሬ ደግሞ በማሳው ዳር በቀጥታ መስመር ችካል ተክሎ መስመሩ ሲጎብጥ፣ ውኃ ቀድሞ በማይተኛበት ሲተኛ፣ ቦይ ወደ ኋላ ሲመልስ ማስተዋል ይችላል።

ዋልካ አፈር ያለው ገበሬ ግን መጠንቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ዋልካ በበጋ ራሱ ይሰነጠቃል። የዋልካ ስንጥቅ በሁሉም አቅጣጫ እንደ መረብ የተዘረጋ ሆኖ ክረምት ሲገባ ይዘጋል። የማዕድን ስንጥቅ በአንድ አቅጣጫ ይረዝማል፣ አጥርና መንገድ ቆርጦ ያልፋል፣ አንዳንድ ጊዜም አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ ብሎ እንደ ደረጃ ይታያል፤ በዝናብም ሊሰፋ ይችላል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሲታይ ከብትና ልጆችን ማራቅ ከሁሉ ይቀድማል።

የቤት ጥገናና የጉድጓድ መሙላት

በጥገና ላይ የመጀመሪያው ሕግ ትዕግሥት ነው። መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ስንጥቅን በሲሚንቶ መድፈን ገንዘብን ማባከን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱን ማባባስ ነው፤ የተለጠጠው ግድግዳ ተራው ደርሶ ሲጨመቅ የተሞላው ሲሚንቶ መግቢያ ስለሚያሳጣው ሌላ ቦታ ይሰበራል። በእንቅስቃሴው ወቅት የሚደረገው ጊዜያዊ ድጋፍ ነው፤ በርና መስኮት እንዳይጨናነቅ ይሸረፋል፣ ጣሪያ ይደገፋል፣ የጋዝና የውኃ መስመር በሚተጣጠፍ ቧንቧ ይተካል። የሚጨመቅ መሬት ላይ ላለ ቤት በዙሪያው ቦይ ተቆፍሮ በሚጨፈለቅ ልል ነገር ሊሞላ ይችላል፤ ግፊቱ ግድግዳውን ከማግኘቱ በፊት በቦዩ ይበላል። ልኬቱ እንቅስቃሴው መቆሙን ካረጋገጠ በኋላ ቋሚው ጥገና ይከናወናል። ያዘነበለ ቤትን በሃይድሮሊክ ክሪክ ከመሠረቱ አንሥቶ ማስተካከል በሩር የተለመደ ሥራ ነው።

ድንገት የተከፈተ ጉድጓድን በቤት ቆሻሻና በልል አፈር መድፈን የብዙዎች ስሕተት ነው። ዝናብ አፈሩን ወደ ታች ያጥበዋል፣ ጉድጓዱም ይመለሳል፤ ቆሻሻው ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃን ይበክላል። በትክክለኛው አሠራር ከሥር ትላልቅ ድንጋይ፣ ከዚያ አነስ ያለ፣ ከዚያ ጠጠር ተደርድሮ በላዩ ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር ይጠቀጠቃል፤ ለም አፈሩ መጨረሻ ይመለሳል። ከቤት ወይም ከመንገድ በታች ክፍተት መኖሩ ሲጠረጠር ጉድጓድ በመሰርሰሪያ ተበስቶ የሲሚንቶና የኃይል ማመንጫ አመድ ፈሳሽ ድብልቅ በግፊት ይሞላል። ውድ ሥራ ነው፤ የክፍተቱን ቅርጽ ለማወቅ አሮጌ የማዕድን ካርታ ያስፈልጋልና፣ ካርታው ከጠፋ ደግሞ ብዙ ጉድጓድ መብሳት ግድ ይላል።

ማሳው ውኃ ሲሞላው

ለገበሬ ትልቁ ጉዳት ውኃ ነው። ሜዳማ ማሳ አንድ ሜትር ሲወርድ ተዳፋቱ ይበላሻል፤ ቀድሞ በራሱ ይወጣ የነበረው ዝናብ መካከል ላይ ይተኛል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ለም የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳዎች ሥር ከሰል ስለሚወጣ ይህ ጉዳይ ገበሬውንና ማዕድኑን ሲያከራክር ኖሯል። እዚያ የተለመደው መፍትሔ አዲስ የማፋሰሻ ቦይ መቁረጥና አስፈላጊ ሲሆን የላይኛውን ለም አፈር ገፍፎ ለብቻው ካስቀመጡ በኋላ ጎድጓዳውን ሞልቶ ለሙን መመለስ ነው። ሰፊ መደብ ሠርቶ ዋልካን የሚያጠነፍፍ የሀገራችን ገበሬ ሐሳቡ አይጠፋበትም።

ከሁሉ የከበደው ግን የምሥራቅ ቻይና ሜዳ ነው። በሁዋይናን፣ በሁዋይቤይና በሹጆው ከተሞች ዙሪያ የከርሰ ምድር ውኃው ለላይኛው መሬት እጅግ ቅርብ ነው። ስለዚህ መሬቱ ጥቂት ሜትር ሲወርድ ውኃው ይወጣና ማሳው ሐይቅ ይሆናል፤ መንደሮችም ይነሣሉ። ቦይ መቁረጥ እዚህ አይረዳም፤ ውኃው የሚሄድበት ዝቅ ያለ ሥፍራ የለምና።

የአካባቢው ባለሙያዎች ያዳበሩት ዘዴ ‹‹ጥልቁን ቆፍሮ ጥልቀት የሌለውን መሙላት›› የሚባል ነው። ከሰጠመው መሬት በጣም የወረደው ክፍል የበለጠ ይቆፈርና የዓሣ ኩሬ ይሆናል፤ የወጣው አፈር ጥቂት በወረደው ክፍል ላይ ተደልድሎ ከውኃው በላይ ከፍ ያደርገዋል፣ ማሳም ይሆናል። ገበሬው ከማሳው ከፊሉን በኩሬ ለውጦ ቀሪውን ያተርፋል ማለት ነው። የሥራው ስኬት የሚወሰነው በቅደም ተከተሉ ነው። ለሙ አፈር አስቀድሞ ካልተገፈፈ ከሥር የወጣው መካን አፈር ላይ ይሆንና ምርቱ ለዓመታት ይቀንሳል። ይህን ለማስቀረት ኋላ የመጣው አሠራር የባሰ ጥበብ አለው፤ መሬቱ በውኃ ከመዋጡ በፊት፣ የሚሰጥመው ክፍል በስሌት ታውቆ፣ ደረቅ ሳለ ለሙ አፈር ይነሣል። ዘግይቶ ከሆነ አፈሩ ከሐይቅ ሥር ይቀራል።

ሐይቅ የሆነው ሁሉ ወደ እርሻ አልተመለሰም። በሹጆው ከተማ የሰጠመ መሬት ተስተካክሎ የፓንአን ሐይቅ የውኃማ መሬት ፓርክ ሆኗል። በሁዋይናን ደግሞ በሰጠመ ማዕድን ላይ በተፈጠረ ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ባለ 40 ሜጋ ዋት ተንሳፋፊ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀምሯል። ለከተማው መልካም ነው፤ ስንዴ ይዘራ ለነበረው ገበሬ ግን ፓርክና ኤሌክትሪክ ማሳ አይተኩም፤ ካሳና መተዳደሪያ የተለየ ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

ከጉዳት መሸሽም ይቻላል። የወጣውን ከሰል ቦታ ከማዕድኑ በወጣ ውድቅ ድንጋይ ወይም በአመድ ድብልቅ መሙላት መስጠሙን በእጅጉ ይቀንሳል። ወጪው ስለሚከብድ ኩባንያዎች በአብዛኛው የሚፈቅዱት ከተማ፣ ባቡር ወይም ግድብ ከላይ ሲኖር ነው። ለማሳ ሲሉ የሚሞሉ ጥቂቶች ናቸው።

ማን ይከፍላል?

በጀርመን የማዕድን ሕግ መሠረት አንድ ቤት ከመሬት በታች በሚሠራ ማዕድን ተጽዕኖ ክልል ውስጥ ሆኖ የማዕድን ጉዳት የሚመስል ጉዳት ከደረሰበት፣ ጉዳቱ የማዕድኑ እንደሆነ ይገመታል። እንዳልሆነ ማስረዳት የሚጠበቀው ከኩባንያው ነው። ይህ አንድ አንቀጽ ለድሃ ባለቤት ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል፤ የጂኦሎጂ ባለሙያ ቀጥሮ መከራከር የሚችለው ኩባንያው ነውና። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከመሬት በታች ከሰል የሚያወጡ ድርጅቶች የጎዷቸውን መኖሪያ ቤቶች እንዲጠግኑ ወይም እንዲክሱ፣ ያደረቁትን የመጠጥ ውኃ ምንጭም እንዲተኩ ያስገድዳል። ባለቤት የሌላቸው አሮጌ ማዕድናት ላይ ላሉ ቤቶች ፔንሲልቬኒያ ከ1961 ጀምሮ፣ ኢሊኖይ ከ1979 ጀምሮ የተለየ መድን አዘጋጅተዋል፤ የተለመደው የቤት መድን የመሬት መስጠምን አይሸፍንምና።

በሩር ያለው ወጪ ግን በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚያልቅ አይደለም። የኤምሸር ወንዝ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን፣ መሬቱ እየሰጠመ ከመሬት በታች የተቀበረ የፍሳሽ ቧንቧ ሁሉ ይሰበር ስለነበር ወንዙ ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ የተከፈተ የፍሳሽ ቦይ ሆኖ አገልግሏል። ከ1992 ጀምሮ፣ መሬቱ ረግቶ ቧንቧ መቅበር ሲቻል፣ 51 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዋና የፍሳሽ መስመር ከሥር ተዘርግቶ ወንዙ በ2021 መጨረሻ ከፍሳሽ ነጻ ሆነ፤ አጠቃላይ ሥራው ከ5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ፈጅቷል።

የውኃ ፓምፖቹ ሥራ ግን አይቆምም። ከላይ ወንዞችና ዝናብ የሰጠመውን ከተማ እንዳያጥለቀልቁ፣ ከሥር ደግሞ ጨዋማው የማዕድን ውኃ ወጥቶ ከመጠጥ ውኃ ጋር እንዳይቀላቀል ውኃው መሳብ አለበት። ጀርመኖች ይህን የዘላለም ሸክም ይሉታል። ወጪውን የሚሸፍነው እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመ ድርጅት ሲሆን፣ ከኩባንያ ድርሻና ከሌሎች ሀብቶች በሚያገኘው ትርፍ ከ2019 ጀምሮ ፓምፖቹን ያሠራል። የማዕድኑ ውኃ በቁጥጥር ከፍ እንዲል በሚደረግባቸው ቦታዎች መሬቱ በተራው በሳንቲ ሜትር ደረጃ ወደ ላይ ስለሚነሣ፣ ቀያሾቹና ሳተላይቱ ከሰሉ ካበቃ በኋላም ልኬታቸውን ቀጥለዋል።